ጀርመንኛ አጥንቶ ምን ይኮናል? የአንድ አባት ጥያቄ ከቱሉ ዲምቱ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኛ ብሎክ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ምድር ቤቱ በሙሉ ሱቅ ነው። ጁስ ቤት አለ። ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ጤፍና በርበሬ የሚሸጥ አለ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው በር ላይ «ጀርመንኛ ከኤ1 እስከ ቢ1» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ከጀማሪ እስከ መካከለኛ ደረጃ ማለት ነው። ማታ ማታ እዚያ የማስተምረው እኔ ነኝ።

ተማሪዎቼ ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይገባሉ። ከሥራ በቀጥታ በሃይገር ተጋፍተው የሚመጡ ብዙ ናቸው። ነርሶች አሉ። ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ አሉ። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ግቢም ለሰፈራችን ቅርብ ስለሆነ የምህንድስና ተማሪዎች ይመጣሉ። መብራት ሲጠፋ ሁሉም የስልኩን መብራት ያበራና እንቀጥላለን። ለምን ጀርመንኛ እንደመረጡ ስጠይቃቸው መልሳቸው ተቀራራቢ ነው። «ፕሮሰስ ጀምሬያለሁ።» «አውስቢልዱንግ፣ የሙያ ሥልጠናውን ፈልጌ ነው።» «ባለቤቴ እዚያ ነው።» «ለማስተርስ።» አብዛኞቹ ቋንቋውን የሚያዩት እንደ መውጫ በር ነው። አልፈርድባቸውም። ምክንያታቸውን አውቀዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ማብቂያ ላይ ግን አንዷ ተማሪዬ ለየት ያለ ነገር ነገረችኝ። ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳለች፤ የትምህርት ክፍል ምርጫ ደርሶባታል። ጀርመንኛን ዋና ትምህርቷ ልታደርግ ነው። በማግስቱ አባቷ መጡ። የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ክፍሉ እስኪበተን በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«መምህርት፣ ይቺ ልጅ አስቸገረችኝ» አሉኝ። «ጀርመንኛውን ካንቺ ጋር እየተማረች አይደል? ወረቀቱን ታገኛለች፤ እንጀራዋ እዚያ ከሆነ ትሄዳለች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ዓመታት ሙሉ ጀርመንኛ አጥንታ ምን ልትሆን ነው?»

ይህ የብዙ ወላጅ ጥያቄ ነው። ትክክለኛ ጥያቄም ነው። እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት ጀርመንኛ ነው፤ አባቴም ያኔ እንዲሁ ብሎኛል። ለልጅቷ አባት፣ ለጋሼ፣ ያን ማታ የመለስኩላቸው ግማሹን ብቻ ነው። ቀሪውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ እኔ ምድር ቤት ምን እንደማስተምር ልናገር። የጀርመን የቋንቋና የባህል ማዕከል የሆነው የጎተ ተቋም የቢ1 ፈተና አራት ክፍል አለው፤ ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍና መናገር። እያንዳንዱ ከ100 ይታረማል። ለማለፍ በእያንዳንዱ 60 ያስፈልጋል። ስለዚህ ትምህርታችን ያለው እዚያ 60 ላይ ነው። ለጓደኛ የሚላክ ኢሜይል እንዴት ይጀመራል፣ በምን ይዘጋል። ቀጠሮ መሰረዝ ሲያስፈልግ ይቅርታ እንዴት ይጠየቃል። ይህን ማቃለል አልፈልግም። ቢ1 የያዘ ሰው ሐኪም ፊት ቀርቦ የት እንደሚያመው ይናገራል። ቤት ይከራያል። ልጁን ትምህርት ቤት ያስመዘግባል። በነርስነት ለመሥራት ደግሞ በአብዛኛው አንድ ደረጃ ከፍ ያለው ቢ2 ይጠየቃል፤ ሐኪሞች ከዚያ በላይ የሙያ ቋንቋ ፈተና አለባቸው። ይህ ሁሉ በኮርስና በጥረት የሚገኝ ነው።

ኮርስ ግን የሚሰጥህ ለተለመደ ጥያቄ የተለመደ መልስ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚጠናው፣ ጀርመኖቹ ጌርማኒስቲክ የሚሉት፣ ሌላ ሥራ ነው። ቋንቋው ከየት መጣ፣ እንዴት ተሠራ የሚለው አለበት። ከመካከለኛው ዘመን እስከ ዛሬ ያለው ሥነ ጽሑፍ አለበት። የጀርመን፣ የኦስትሪያና የስዊዘርላንድ ታሪክና ኑሮ አለበት። እንደኛ ባለው አገር ደግሞ ትርጉምና የማስተማር ዘዴ ይጨመርበታል። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አንዲት ገጽ ይዘን ሁለት ሳምንት መቀመጣችንን አስታውሳለሁ። ያኔ ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር። አሁን ከማስተምረው ውስጥ ቋሚ ሆኖ የቀረልኝ ከእንዲያ ዓይነቶቹ ሳምንታት ያገኘሁት ነው።

አንድ ምሳሌ ከሰዋስው ልስጥ። እኛ «ዛሬ እንደሚመጣ አውቃለሁ» እንላለን። ጀርመኑ «ኢሽ ቫይስ፣ ዳስ ኤር ሆይተ ኮምት» ይላል። «ኮምት» ማለት ይመጣል ነው። እንዲህ ባለው ጥገኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግሱ መጨረሻ ላይ ይሄዳል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይደናበራል። የአማርኛ ተናጋሪ ግን ግስን እስከ መጨረሻ መጠበቅ ከእናቱ ጉያ የለመደው ነው። ችግሩ ይህን የሚነግረው አለማግኘቱ ነው። ጀርመንኛን የምንማረው በእንግሊዝኛ በኩል ዞረን ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ያስረዳል፣ መተግበሪያው በእንግሊዝኛ ያስረዳል፣ እኛም ቀላሉን አክብደን እንማረዋለን።

ሌላም አለ። ጀርመንኛ ሦስት ጾታ አለው፤ ወንዴ፣ ሴቴና ገለልተኛ። ተማሪዎቼን የሚገርማቸው ልጃገረድ የሚለው ቃል፣ «ሜትሸን»፣ ገለልተኛ መሆኑ ነው። «እንዴት ሴት ልጅ ሴት አትሆንም?» ይሉኛል። ምክንያቱ መጨረሻው ላይ ያለችው ማሳነሻ ቅጥያ ናት። ጀርመንኛ አንድን ነገር ሲያሳንስ ወይም ሲያቆላምጥ ገለልተኛ ያደርገዋል። እኛስ? «ቤቷ ጠበብ ያለች ናት» እንላለን። «ይቺን ስልክ ከየት አመጣሃት?» እንላለን። ስናሳንስና ስናቆላምጥ ሴት እናደርጋለን። ይህን ጎን ለጎን ሳሳያቸው ክፍሉ ውስጥ ሳቅ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ አይረሱትም። ይህን ማየት የምትችለው ሁለቱንም ቋንቋ እንደ ቋንቋ ካጠናሃቸው ነው። ጀርመንኛን ለአማርኛ ተናጋሪ ከአማርኛ ተነስቶ የሚያስረዳ ጥሩ መማሪያ መጽሐፍ ሁልጊዜ ይናፍቀኛል። የሚጽፈው ሰው ከዩኒቨርሲቲ ነው መውጣት ያለበት።

አሁን ከልቤ ወደማስበው ነገር ልምጣ። ስለ አንድ ቃል ነው።

አንድ ማታ የባንክ ፎርም እያነበብን «ሹልደን» የሚል ቃል አጋጠመን። ዕዳ ማለት ነው አልኳቸው። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ነርስ እጇን አወጣች። በቤተ ክርስቲያኗ «አባታችን ሆይ»ን በጀርመንኛ ተለማምደዋል። «ቲቸር፣ እዚያ ላይ 'ሹልት' ይላል። ዕዳችንን ይቅር በለን ማለት ነው እንዴ?» አለችኝ። ልክ ናት። በአማርኛ «በደላችንን ይቅር በለን» የምንለው በጀርመንኛ «ፌርጊብ ኡንስ ኡንዘረ ሹልት» ነው። ሹልት ጥፋት ነው፣ በደል ነው፣ ተጠያቂነት ነው። ሲበዛ «ሹልደን» ይሆንና የገንዘብ ዕዳ ነው። የአንድ ቃል ልጆች ናቸው። ፈተናው ሦስት ሳምንት ስለቀረው ይህን ያህል አስረድቼ አለፍኩ። በልቤ ግን ከነከነኝ። እኔ በተማሪነቴ በዚያ ቃል ላይ ሙሉ ሴሚስተር ነው የቆየሁት።

ለምን መሰላችሁ? ይህ ቃል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመንን ያስጨነቀ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻና በ1946 መጀመሪያ ፈላስፋው ካርል ያስፐርስ ሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ሹልት ለተማሪዎች አስተማረ። ከተሞች ፈራርሰዋል። ኑርንበርግ ላይ የናዚ መሪዎች ችሎት ቆመዋል። ተማሪው ርቦታል፣ አፍሯል፣ ተቆጥቷልም። ያስፐርስ ጥፋትን በአራት ከፈለው። አንደኛው የወንጀል ነው፤ እሱን ፍርድ ቤት ያየዋል። ሁለተኛው የፖለቲካ ነው፤ መንግሥት በስሙ ላደረገው ነገር ዜጋው መዘዙን ይሸከማል። ሦስተኛው የሞራል ነው፤ እያንዳንዱ ከራሱ ሕሊና ጋር ይጨርሰዋል። አራተኛው ከዚህ ሁሉ ይጠልቃል፤ ሌላው ሰው ፊትህ ሲገደል አንተ በሕይወት በመትረፍህ የሚሰማህ ነው። ያስፐርስ አንድን ሕዝብ በጅምላ ወንጀለኛ ማለትን አልተቀበለም። ማንም ምንም ዕዳ የለበትም ማለትንም አልተቀበለም።

እኛ አገር የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በሚያዝያ 2016 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። ተጠያቂነት፣ ይቅርታ፣ ዕርቅ የሚሉት ቃላት በየዜናው ይሰማሉ። አማርኛ ለዚህ ነገር ድሃ አይደለም። ጥፋት አለን፣ በደል አለን፣ ዕዳ አለን፣ ኃጢአት አለን፣ ካሳ አለን፣ ጉማ አለን፤ ጉማን ከኦሮሞ ወንድሞቻችን ወስደን የሁላችን አድርገነዋል። የሚጎድለን እነዚህን ለያይቶ፣ የትኛው የፍርድ ቤት እንደሆነ፣ የትኛው የሽማግሌ እንደሆነ፣ የትኛው የየራሳችን እንደሆነ በጸጥታ የመነጋገር ልምድ ነው። ጀርመኖቹም በአንዴ አልለመዱትም። ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ዓመት አፋቸውን ዘግተው ቆይተዋል። የራሳቸው ፍርድ ቤት ናዚዎች ሰው በጅምላ የፈጁበትን የአውሽቪትዝ ካምፕ ጉዳይ ፍራንክፈርት ላይ በሰፊው ያየው እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1965 ነው። ዘግይተዋል፤ መዘግየታቸውም ራሱ ትምህርት ነው። ጀርመን ጥናት ያጠና ተማሪ ይህን ክርክር ከነጠባሳው ያውቀዋል። ጀርመንን እንቅዳ እያልኩ አይደለም። እንዲህ ዓይነት ነገር በቋንቋው ያነበበ ሰው በየጠረጴዛው አንድ እንኳ ቢኖር እመኛለሁ።

ጋሼ ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡኝ። ከዚያ «ይኼ የእነሱ ታሪክ ነው፤ የእኛስ?» አሉ።

የእኛም እዚያ አለ። ብዙው እዚያ አለ።

እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ውስጥ አንድ የ25 ዓመት ጀርመናዊ ከአንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ጋር ተገናኘ። ጀርመናዊው የኤርፉርቱ ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። መነኩሴው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፣ የአማራ መካነ ሥላሴ ሰው። ሉዶልፍ በእጁ ከገቡ ጥቂት መጻሕፍት ግዕዝ ለብቻው ተምሯል፤ ሲናገረው ግን ሰምቶ አያውቅም። መጀመሪያ የተግባቡት በተሰባበረ ግዕዝ ነበር። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ በመስፍኑ በኤርንስት ግብዣ ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄዱ። እዚያ ቤተ መንግሥት ውስጥ ወራት ተቀምጠው ሉዶልፍን አስተማሩት። ስለ አገራቸው፣ ስለ ቋንቋቸው፣ ስለ ሥርዓታቸው የጠየቃቸውን መለሱለት። ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ በ1658 መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ላይ ቀሩ። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681 አሳተመ። የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ በ1698 አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ካለፉ 40 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም።

ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር የማስበው አባ ጎርጎርዮስን ነው። ጀርመኖቹ የኛን ቋንቋ ዋና ትምህርታቸው ካደረጉት ከ350 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ከሉዶልፍ በኋላ አውጉስት ዲልማን የግዕዝ ሰዋስውን በ1857 በጀርመንኛ አሳተመ፤ ታላቁ መዝገበ ቃላቱ በ1865 ተከተለ። የግዕዝ ተመራማሪ ዛሬም ያለ ዲልማን አይሠራም። በ1906 ደግሞ በኤኖ ሊትማን የተመራ ቡድን አክሱም ገባ። ሐውልቶቹን ለካ፣ ሳለ፣ ፎቶ አነሳ፣ ጽሑፎቹን ገለበጠ። ውጤቱ በ1913 በአራት ትላልቅ ጥራዞች ወጣ። በጀርመንኛ።

አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ሲያሠሩ ከሠሩት መካከል ባዝል አጠገብ ካለው ከክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የመጡ ጀርመንኛ ተናጋሪ ባለሙያዎች ነበሩ። ቴዎፊል ቫልድማየርና ዮሐን ማርቲን ፍላድ የቴዎድሮስን ዘመን በዓይናቸው ያዩትን በጀርመንኛ ጽፈዋል። የምኒልክ አማካሪ የነበረው አልፍሬድ ኢልግም ጀርመንኛ ተናጋሪ ስዊዘርላንዳዊ ነው። ሰፈራችን ቱሉ ዲምቱ፣ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ከዚህ ሰፈር ልጆች አንዱ ስለ ገዳ ማጥናት ቢፈልግ፣ ከፍራንክፈርቱ ፍሮቤኒየስ ተቋም የመጡ ተመራማሪዎች በ1934 እና 35 ከዚያም በ1950ዎቹ ኮንሶን፣ ጌዴኦንና ቦረናን እየዞሩ የሰበሰቡት ነገር አለ። የዚያን ጊዜ ሽማግሌዎች የተናገሩት ነው። የአይከ ሀበርላንድ ዋና ጥናት በ1963 የታተመው በጀርመንኛ ነው። ያ ልጅ ጀርመንኛ ካልቻለ የአያቶቹን ቃል በሌላ ሰው አፍ ነው የሚሰማው።

የቅርቡም አለ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለውን የካርል ማርክስ ሐውልት የማያውቅ የለም። የምሥራቅ ጀርመን ስጦታ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የቆመ። በ1977 ምሥራቅ ጀርመን ቡና አጥሯት ነበር። የብራዚል ቡና በ1975 በውርጭ ተመትቶ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ወርነር ላምበርዝ የሚባለው ባለሥልጣኗ አዲስ አበባ መጥቶ ከደርግ ጋር ተስማማ፤ የእኛ ቡና ይሄዳል፣ የእነሱ የጦር መሣሪያ ይመጣል። የሐረርና የሲዳማ ገበሬ የለቀመው ቡና ምሥራቅ በርሊን ተጠጣ። መሣሪያው የት እንደዋለ እኛ እናውቃለን። የዚያ ድርድር ሰነዶች ዛሬ በርሊን ቤተ መዛግብት ውስጥ ለተመራማሪ ክፍት ናቸው። ያ ዘመን የብዙ ቤተሰብ ቁስል ነው፤ ከፊሉ ታሪኩ በጀርመንኛ ተተይቦ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። አንብቦ ለእኛ የሚነግረን ኢትዮጵያዊ ያስፈልጋል። ስንት ጥያቄ አለን።

እዚህ ላይ ጋሼ አቋረጡኝ። «ታላቅ ወንድሜ እኮ እዚያ ነበር» አሉ። በደርግ ጊዜ ለሙያ ትምህርት ምሥራቅ ጀርመን ተልኮ ተመልሷል። አሁን በሕይወት የለም። ወረቀቱ ቤት አለ፤ ምን እንደሚል ግን ያነበበው ሰው የለም።

ይህ ሁሉ ግን ጤፍ አይገዛም። ስለዚህ ስለ እንጀራው በግልጽ ልናገር፤ ልጆችን በተስፋ ብቻ መሸኘት በደል ነው።

ጀርመንኛ ብቻውን የተማረ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ በቀላሉ ሥራ ያገኛል ብል ውሸት ይሆንብኛል። የጀርመን የልማት ትብብር ድርጅት ጂአይዜድ አለ፣ የልማት ባንኩ ኬኤፍደብልዩ አለ፣ የጀርመን ፋውንዴሽኖች አሉ፣ ሉፍታንዛ አለ። እነዚህ ቤቶች ግን የሚቀጥሩት በብዛት ኢንጂነር፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ የኢኮኖሚ ባለሙያ ነው፤ የሥራ ቋንቋቸውም ለአገር ውስጥ ሠራተኛ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። ጀርመንኛ እዚያ ሚዛን የሚደፋ ተጨማሪ ነው። ዶይቸ ቬለ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በአማርኛ ያሰራጫል፤ ግን ስንት ሰው ሊቀጥር ይችላል? አስጎብኚነት ጥሩ እንጀራ ነበር። ከኮሮናና ከጦርነቱ ወዲህ ብዙ አስጎብኚ ሥራ ፈትቷል።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው። ጀርመንኛን ዋና አድርጋችሁ ከያዛችሁ ከጎኑ ሁለተኛ ነገር ያዙ። ሕግ፣ አካውንቲንግ፣ ታሪክ፣ ኮምፒውተር፣ ቱሪዝም፤ የሚቀርባችሁን። ዩኒቨርሲቲው ከፈቀደ በማይነር፣ ካልፈቀደ በማታ። ጀርመንኛ የሚያውቅ ጠበቃና ጀርመንኛ የሚያውቅ የሒሳብ ሠራተኛ ለየብቻ ከተማሩት ሁለት ሰዎች ይልቅ ይፈለጋሉ።

አሁን ከበራችን ላይ ያለ ሥራ ልናገር፤ ማንም የማያየው። በከተማው ዳር ዳር፣ ከአያት እስከ ጀሞ፣ የጀርመንኛ ኮርስ ማስታወቂያ በየምድር ቤቱ እየበዛ ነው። ብዙ ቦታ የሚያስተምረው ራሱ ቢ1 ያለፈ ሰው ነው። ከአንዱ ቤት ሁለት ደረጃ ጨርሳ ወደ እኔ የመጣች ልጅ ነበረች። ገንዘቧን ከፍላለች፤ ሰርተፊኬት ተሰጥቷታል። ነገር ግን የተማረችው አነባበብ የተሳሳተ ስለነበር የማዳመጥ ልምምዱን መስማት አቃታት። የለመደችውን ለማስረሳት አራት ወር ፈጀብን። አሳዘነችኝ፤ በአነስተኛ ደመወዝ ቆጥባ የከፈለችው ገንዘብ ነበር። በሙያው የሠለጠነ መምህር ያስፈልጋል። ፍላጎቱ እዚሁ ደጃችን ነው።

ሌላው ውል ነው። አውስቢልዱንግ ማለት ግማሹ ድርጅት ውስጥ፣ ግማሹ ትምህርት ቤት የሚሰጥ የሙያ ሥልጠና ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ ሠልጣኙ ወርኃዊ ክፍያ አለው። ጥሩ ዕድል ነው። አንዲት ተማሪዬ ደላላዋ «ፈርሚና ላኪ» ያላትን ውል ይዛ መጣች። ክፍያው ላይ «ብሩቶ» ይላል። እሷ እጇ ላይ የሚገባ ገንዘብ መስሏታል። ብሩቶ እኛ ግሮስ የምንለው ነው፤ የጤና መድን፣ ጡረታና ሌላው መድን ከዚያ ላይ ይቆረጣል። በቀሪው ላይ የቤት ኪራይ አለ። አራተኛው ገጽ ላይ ደግሞ ሥልጠናውን ካቋረጠች ለቋንቋ ኮርሷ የወጣውን ገንዘብ እንድትመልስ የሚል አንቀጽ አለ። ዓረፍተ ነገሩ ስድስት መስመር ነው፤ ግሱ መጨረሻው ላይ ተቀምጧል። ቢ1 ያለው ሰው እዚያ ድረስ አይደርስም፤ መሃል ላይ ይደክመዋል። አብረን ቁጭ ብለን አነበብነው። ጥያቄዎቿን ጻፈች፣ ላከች፣ መልስ ሲመጣላት ፈረመች። ዛሬ እዚያ ናት፤ ደህና ናት። ሳያነቡ የሚፈርሙት ያሳስቡኛል። በየክፍለ ከተማው እንዲህ ዓይነት ወረቀት አንብቦ በአማርኛና በኦሮምኛ የሚያስረዳ የሠለጠነ ተርጓሚ ቢኖር ብዙ ልጅ ይድናል።

መሄዱንም በቁጥር እንየው። ለተማሪ ቪዛ፣ ለኑሮ ወጪ ማስረጃ እንዲሆን ዝግ ሒሳብ ውስጥ መቀመጥ ያለበት ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ እንደ ባደን ቩርተምበርግ ያለው ክልል ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ይህን ወደ ብር መንዝሮ ለአንድ ጡረተኛ ሹፌር መንገር ያስፈራል። ነፃ የትምህርት ዕድል የሚሰጡ አሉ፤ የጀርመን የአካዳሚ ልውውጥ ድርጅት ዳአአዴ አንዱ ነው። ለእሱ ግን ውጤት፣ የጥናት ሐሳብና በቋንቋው በደንብ መጻፍ ይጠይቃል። ለመውጣት ብቻ የተማረ ሰው ቪዛው ሲከለከል ጀርመንኛው አብሮ ይሞትበታል። አይቻለሁ። ደብተሩን ለኪሎ የሸጠ ልጅ አውቃለሁ። ያጠናው ሰው ቪዛ ቢከለከልም ያነባል፣ ያስተምራል፣ ይተረጉማል። ያ ልዩነት ቀላል አይደለም።

በእኛ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ 70 በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስና ቋንቋ እንዲገባ የሚል ፖሊሲ ወጥቶ ነበር። ዓላማው ገብቶኛል፤ አገር ኢንጂነር ያስፈልጋታል። ግን በወላጆች ጭንቅላት ውስጥ የቀረው ነገር ቋንቋ የሚማረው ሌላ ያጣ ነው የሚል ነው። ጋሼ በር ላይ ያስቆማቸው ይኸው ነው። ልጃቸው ሌላ አጥታ አልነበረም። ውጤቷ ጥሩ ነው። አካውንቲንግ መግባት ትችል ነበር።

በመጨረሻ ተስማሙ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። «አካውንቲንጉን በማታ ከተማረች» አሉ። እሷም እሺ አለች። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ለጀማሪዎች ፊደል ታስተምራለች፤ ትንሽ እከፍላታለሁ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ጋሼ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው መጡ። የወንድማቸው የሙያ ማስረጃ ነው። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። ማኅተሙ ላይ መዶሻና ኮምፓስ፣ ዙሪያውን የእህል ዛላ ይታያል። ልጅቷ ጁስ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ስሙን አነበበች፣ ቀኑን አነበበች። ሙያው የተጻፈበት ቦታ ላይ ስትደርስ «ሽሎሰር» ይላል። ስልኳ ላይ ያለውን መዝገበ ቃላት አየች። ቁልፍ ሠሪ አላት።

«ወንድሜ ቁልፍ ሠርቶ አያውቅም» አሉ ጋሼ፣ ቅር ብሏቸው። «ፋብሪካ ነው የሠራው። ማሽን ይገጣጥም ነበር። እጁ ሁልጊዜ ግሪስ ነበር።»

ልጅቷ ቃሉን ደግማ አየችው። «ሽሎስ» ቁልፍ ነው፤ ቃሉ የተነሳው ከዚያ ነው። ድሮ ቁልፍ የሚሠራው ብረት የሚሞርድና የሚገጥመው ባለሙያ ስለነበር ፋብሪካ ሲመጣ ማሽን የሚገጣጥመውም በዚያው ስም ቀረ። የዩኒቨርሲቲ መምህሯ ስለ ሙያ ስሞች ሲያስተምራቸው ይህን ሰምታለች። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ሳይሆን ደብተሯ ላይ በእርሳስ «የማሽን ገጣጣሚ» ብላ ጻፈች። ትንሽ ቆይታ «የብረታ ብረትና የማሽን ገጣጣሚ» ብላ አረመችው፤ ለአባቷም አነበበችላቸው።

«እሱ ነው» አሉ ጋሼ። «አሁን የቀረውን ንገሪኝ።»